ጊዜ እንደ አራተኛ ዳይሜንሽን፦ በወሎ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። «ጊዜ አራተኛው ዳይሜንሽን ነው» የምትለዋን ነገር አንዴ የሰማ ሰው ሳይጠይቅ አያልፍም፤ ተማሪው ከክፍል ስንወጣ፣ ጎረቤት ቡና ላይ፣ ሹፌሩ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ። ጥያቄዎቹ ስለሚመላለሱ መልሶቹን አንድ ቦታ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። የረዘመ መልስ ታገኛላችሁ፤ ጉዳዩ ስለሚያስረዝም ነው። አጭሩም ብዙ የሚባልለት ስለሌለ ነው።

ዳይሜንሽን ሲባል መጀመሪያ ነገር ምን ማለት ነው?

አንድን ነገር ሳይምታታ ለመለየት የግድ የሚያስፈልጉ ቁጥሮች ብዛት ነው። ፒያሳ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ልንገናኝ ብንቀጣጠር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የት ላይ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የት ላይ፣ ስንተኛ ፎቅ የሚለውን መናገር አለብን። ሦስት ቁጥር ሆነ። «በስንት ሰዓት?» የሚለው ካልተነገረ ግን አንዳችን ጠዋት ሌላችን ማታ ሄደን እንተላለፋለን። አራተኛው ቁጥር እሱ ነው። የፊዚክስ ሰዎች ቦታውም ጊዜውም የታወቀለትን ነገር «ክስተት» ይሉታል፤ አራቱን በአንድ ላይ ሲጠሩ ደግሞ «ቦታ-ጊዜ»። በአማርኛ መጻሕፍት «አውታር» የሚለውን ብታዩ ያው ዳይሜንሽን ነው።

እንዲህ ከሆነማ ኒውተንም ያውቀው ነበር። አይንስታይን ምን ጨመረ?

ያውቀው ነበር፤ እውነት ነው። ፈረንሳዊው ዳላምቤር ጊዜን አራተኛ አድርጎ ስለመቁጠር የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1754 ነው፤ አይንስታይን ገና ሳይወለድ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው ሥራው ጊዜ ለሁሉም እኩል እንደሚፈስና ከምንም ነገር ጋር እንደማይነካካ አስቀምጧል። በዚያ አስተሳሰብ ጊዜ ከሦስቱ ጎን ይሰለፋል እንጂ ከእነሱ ጋር አይቀላቀልም።

አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ሁለት ነገር ይዞ ተነሣ። አንደኛ፣ ፍጥነታቸውንና አቅጣጫቸውን ሳይለውጡ ለሚጓዙ ሁሉ የፊዚክስ ሕግ አንድ ነው። ሁለተኛ፣ በባዶ ቦታ የብርሃን ፍጥነት ለሁሉም አንድ ነው፤ ወደ ብርሃኑ ብትሮጡም ብትሸሹትም። ሁለቱን አጥብቃችሁ ከያዛችሁ የምትደርሱበት ቦታ ያስደነግጣል፦ አንዱ የቆመ ሌላው የሚጓዝ ሁለት ሰዎች፣ በሁለት ክስተቶች መካከል ስንት ጊዜ እንዳለፈ አይስማሙም፤ በክስተቶቹ መካከል ያለውንም ርቀት አይስማሙም። የአንዱ ጊዜ ለሌላው በከፊል ርቀት ሆኖ ይታያል። መቀላቀል የምለው ይህን ነው።

የሚስማሙበት አንድ ነገር ግን አለ። እሱን አጥርቶ ያወጣው ዙሪክ ላይ አይንስታይንን ያስተማረው ሄርማን ሚንኮውስኪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ኮሎኝ ከተማ ባደረገው ንግግር ቦታና ጊዜ ለየብቻ መቆማቸው እንዳበቃ አወጀ። ስሌቱን በቃል ልንገራችሁ። በሁለቱ ክስተቶች መካከል ያለውን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዙ፤ ያገኛችሁትን በራሱ አባዙት። ርቀቱንም በራሱ አባዙት። ከዚያ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንሱ። የሚተርፈው ቁጥር ለማንም ተመልካች አንድ ነው።

«ቀንሱ» የምትለዋን ልብ በሉ። በፓይታጎረስ ሕግ ርዝመትን ከስፋት ጋር ስናገናኝ የምንደምር ነበርን። እዚህ ግን ቅነሳ ገባ። ጊዜን ከርዝመት፣ ከስፋትና ከከፍታ የሚለየው ይህ የመቀነስ ምልክት ነው። «ጊዜም እንደ ርዝመት አንድ አቅጣጫ ነው» ብለው የሚያልፉ ቪዲዮዎች የሚዘሉት እሱን ነው፤ ሰው ግራ የሚጋባውም፣ በእኔ ግምት፣ በአብዛኛው በዚህ የተነሣ ነው።

እኛ ሰዓት ከንጋት እንቆጥራለን፤ ፈረንጅ ከእኩለ ሌሊት። የሚያከብሩትም በዓል በሌላ አቆጣጠር ነው። የቱ ነው የእውነት ጊዜ?

ወሎ ይህን ለመጠየቅ የተመቸ አገር ነው። ግሸን ማርያም በየዓመቱ መስከረም 21 ትነግሣለች፤ ቀኗ ንቅንቅ አይልም። ጀማ ንጉሥ ላይ የሚከበረው መውሊድ ደግሞ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። ቢሮ የገባ ሰው ለውጭ አገር ደብዳቤ ሲጽፍ ሦስተኛ አቆጣጠር ይጨምራል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ደግሞ ዕለቱን በ24 ሳይሆን በ60 ኬክሮስ ይከፍሉታል፤ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ማለት ነው።

ለፊዚክስ እነዚህ ሁሉ ያው አንድ ዳይሜንሽን ላይ የተጻፉ ቁጥሮች ናቸው። ዜሮውን ከየት እንደምትጀምሩና እያንዳንዷን እርምጃ ምን ያህል እንደምታረዝሙ የእናንተ ፈንታ ነው፤ የተፈጥሮ ሕግ ይህን አይቆጥርባችሁም። ከንጋት መቁጠር ለእኛ መመቸቱም ምክንያት አለው፦ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት በክረምትና በበጋ ብዙ አይለያይም።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። «ጊዜ አንጻራዊ ነው» ሲባል ይህ ማለት አይደለም። በሐበሻ ሦስት ሰዓትና በፈረንጅ ዘጠኝ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት የስያሜ ነው። አይንስታይን የተናገረው በአንድ አቆጣጠር፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ አንድ ላይ ጀምረው ስለሚለያዩ ሰዎች ነው።

ጊዜ በሰከንድ፣ ርቀት በሜትር። እንዴት አንድ ላይ ይቀነሳሉ?

በብርሃን ፍጥነት በኩል። ፍጥነቱ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ነው፤ ይህ ቁጥር ተለክቶ የተጠጋጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1983 ወዲህ ሜትር ራሱ የሚተረጎመው በብርሃን ጉዞ ስለሆነ በውሳኔ የጸና ነው። ሰከንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ከሲዚየም አቶም በሚወጣ ጨረር 9,192,631,770 ንዝረት ተብሎ ተወስኗል።

እንግዲህ አንድ ሰከንድ ወደ ርቀት ሲመነዘር 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከደሴ አዲስ አበባ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በዚህ ምንዛሪ የሰከንድ አንድ ሺኛ ከትንሽ ብቻ ነው። ሰኞ ገበያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ያልተነቃነቀ ሰው፣ እስከ ማግሥቱ ያው ሰዓት ድረስ በጊዜ አቅጣጫ 26 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። ጊዜና ቦታ ሲቀላቀሉ በዕለት ኑሯችን የማይታየን ለዚህ ነው፤ በቦታ የምንሄደው በጊዜ ከምንሄደው ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም።

መምህር፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ጊዜ እኩል ይሄዳል?

አይሄድም። ይህን ስል የሚስቅ አይጠፋም፤ ግን አይሄድም።

መጀመሪያ ሰዓት ምን እንደሚለካ እናጥራ። ከደሴ ኮምቦልቻ አንዱ ሰው በመኪና የሐረጎን ጠመዝማዛ ይዞ ቢወርድ፣ ሌላው በእግር አቋራጩን ቢሄድ፣ ሁለቱም እዚያው ይገናኛሉ፤ የሄዱት ኪሎ ሜትር ግን ይለያያል። «የመኪናው ቆጣሪ ተበላሽቷል» የሚል የለም፤ መንገዱ ነው የተለያየው። የእጅ ሰዓትም በቦታ-ጊዜ ውስጥ እንዲህ ያለ ቆጣሪ ነው። ከአንድ ክስተት ተነሥተው ሌላ ክስተት ላይ የሚገናኙ ሁለት ሰዎች በመካከል የሄዱበት መንገድ ከተለያየ፣ ሰዓታቸው የተለያየ ቁጥር ያሳያል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

በመሬት ላይ ቀጥታው መንገድ አጭሩ ነው። በቦታ-ጊዜ ግን፣ በዚያች የመቀነስ ምልክት ምክንያት፣ ተገላቢጦሽ ነው፦ ሳይዞር በቀጥታ የሄደው ሰዓት የሚበልጠውን ጊዜ ይቆጥራል፤ ዞሮ የመጣው የሚያንሰውን። ርቀት በጨመራችሁ ቁጥር ከጊዜው ይቀነሳልና።

አሁን ወደ ደሴ። አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1915 ያጠናቀቀው ሁለተኛው ንድፈ ሐሳብ የስበት ኃይልን የቦታ-ጊዜ ጉብጠት አድርጎ ያስረዳል። ከዚህ የሚወጣው፦ ወደ ምድር እምብርት በቀረባችሁ ቁጥር ሰዓታችሁ ይዘገያል፤ ከፍ ባላችሁ ቁጥር ይፈጥናል። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ለስሌቱ 600 ሜትር ብንይዝ፣ የደሴ ሰዓት በየቀኑ 5.7 ናኖሰከንድ ያህል ይቀድማል፤ ናኖሰከንድ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው። በዓመት የሰከንድ ሁለት ሚሊዮንኛ ይሆናል። 70 ዓመት ደሴ የኖረ ሰው ኮምቦልቻ ከኖረ መንትያው በዓይን ጥቅሻ አንድ ሺኛ ገደማ ያረጃል። ከላሊበላ በላይ ያለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ላይ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ፣ ልዩነቱ ከኮምቦልቻ አንጻር በዓመት ወደ ስምንት ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይደርሳል።

ሹፌሮች የሚጠይቁኝ «እኛ ስለምንሮጥ ነው የምንዘገየው?» ብለው ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በፍጥነቱ ምክንያት ሰዓቱ ይዘገያል፤ ነገር ግን ከደሴ ኮምቦልቻ መውረዱ ራሱ የሚያመጣው ልዩነት ከዚያ 40 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ለመኪና ዳገትና ቁልቁለቱ ከፍጥነቱ በላይ ነው። ለአውሮፕላን ሁለቱም ይቆጠራሉ። ለሳተላይት ደግሞ ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ይሆናል።

ይህ ተለክቶ ነው ወይስ ወረቀት ላይ ያለ ሒሳብ?

ተለክቷል፤ ደጋግሞ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሄፌሌና ኪቲንግ የሚባሉ አሜሪካውያን አቶሚክ ሰዓቶችን በመንገደኞች አውሮፕላን ጭነው ምድርን ዞሩ። ወደ ምሥራቅ የዞሩት ሰዓቶች መሬት ከቀሩት 59 ናኖሰከንድ ያህል ዘግይተው፣ ወደ ምዕራብ የዞሩት 273 ናኖሰከንድ ያህል ቀድመው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ አንዱን ሰዓት ከሌላው 33 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርገው ልዩነቱን አዩ፤ ከዱካ ወደ ወንበር የመነሣት ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ልኬት አንድ ሚሊ ሜትር ደርሷል።

ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታም ይመሰክራል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራሉ። ከፍታቸው ሰዓታቸውን በቀን 45 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያስቀድመዋል፤ ፍጥነታቸው 7 ያስቀረዋል፤ ተቀናንሶ 38 ይቀድማል። ይህ ካልታረመ ብርሃን በዚያች ቅጽበት የሚሄደው ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ስህተቱ በየቀኑ በዚያ መጠን እየተከማቸ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነን ስትሉ ካርታው በሁለት በሦስት ቀን ሌላ ወረዳ ያደርሳችሁ ነበር።

ጊዜ ዳይሜንሽን ከሆነ ወደ ኋላ መመለስ ለምን አልተቻለም?

መልሱ ሁለት ነው፤ ሰዎች አንዱን ከሌላው ይቀላቅሉታል።

የመጀመሪያው ያው የመቀነስ ምልክት ነው። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ቀስ እያለ ዞሮ ወደ ምዕራብ ማቅናት ይችላል፤ በመካከል ያሉት አቅጣጫዎች ሁሉ ክፍት ናቸው። ወደ ነገ ከሚሄድ አቅጣጫ ወደ ትናንት ለመዞር ግን በመካከል ከብርሃን የሚፈጥኑ አቅጣጫዎችን ማቋረጥ ግድ ይላል። ክብደት ያለው ነገር ደግሞ የብርሃንን ፍጥነት እንኳ አይደርስበትም፤ ማለቂያ የሌለው ጉልበት ይጠይቃልና። ስለዚህ መታጠፊያው ዝግ ነው።

ይህ ግን የቱ ጎን «ነገ» የቱ ጎን «ትናንት» እንደሆነ አይነግረንም። የፊዚክስ መሠረታዊ ሕጎች፣ ከአቶም ባነሱ አንዳንድ ቅንጣቶች ላይ ከሚታይ ትንሽ ልዩነት በቀር፣ ፊልሙን ወደ ኋላ ብታስኬዱትም ይሠራሉ። አቅጣጫውን የሚያሳየው ኢንትሮፒ፣ ማለትም የነገሮች የመዘበራረቅ መጠን ነው፦ ነገሮች ሊደራጁባቸው ከሚችሉ መንገዶች የተዘበራረቁት እጅግ ይበዛሉ፤ ስለዚህ ሁሉም ወደዚያ ያዘነብላል። የተነሣው የዕጣን ጭስ ተመልሶ ገል ላይ ፍም ውስጥ ሲገባ ያላየነው ሕግ ስለከለከለው ሳይሆን፣ ይህ እንዲሆን ቢሊዮን በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቅንጣቶች በአንድ ላይ በትክክል መመለስ ስላለባቸው ነው። ይህን በስሌት ያሳየው ኦስትሪያዊው ቦልትዝማን ነው። ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ዓለም ለምን በእንዲያ ያለ ሥርዓት ጀመረ የሚለው ጥያቄ ዛሬም መልስ አላገኘም፤ እኔ ከሁሉ የሚያስገርመኝ እሱ ነው።

ወደ ፊትስ?

ይቻላል፤ እየተደረገም ነው። ሩሲያዊው ጠፈርተኛ ጌናዲ ፓዳልካ በተለያየ ጊዜ ወደ 880 ቀን ገደማ ጠፈር ላይ ቆይቶ፣ እኛ ከምንቆጥረው 0.02 ሰከንድ ያህል ያነሰ ዕድሜ ይዞ ተመልሷል። ወደ ኋላ የሚያዞር መንገድ በአይንስታይን ቀመር ውስጥ መኖሩን ከርት ጎደል እ.ኤ.አ. በ1949 አሳይቷል፤ ግን እሱ ያሰበው የሚሽከረከር ዓለም የእኛን አይመስልም።

ነገም ትናንትም አሁን «አለ» ማለት ነው? ታዲያ ቀደር ተጽፎ አልቋል ልንል ነው?

ይህን ሼኾችም ቄሶችም ጠይቀውኛል፤ የቀደርና የዕጣ ፈንታ ነገር ወሎ ውስጥ የቡና ላይ ወግ ነው።

ፊዚክሱ የሚለው ይህ ነው። «አሁን» የምንለው ለሁሉም አንድ አይደለም። አንድሮሜዳ የተባለው ጋላክሲ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ጨለማ ቦታ ሆናችሁ በዓይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ዛሬ ዓይናችሁ የሚገባው ብርሃን የተነሣው፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ከኖረች ከ700,000 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን የብርሃን መዘግየት ነው ብለን እናልፈው ነበር። ነገር ግን መዘግየቱን አስልተን ብንቀንሰው እንኳ፣ ወደ አንድሮሜዳ አቅጣጫ በእግሩ የሚራመድ ሰውና አጠገቡ የቆመ ሰው «አሁን እዚያ ምን እየሆነ ነው» በሚለው ላይ በአራት ቀን ያህል ይለያያሉ። ለአንዱ ያለፈ፣ ለሌላው ገና ያልመጣ ቀን አለ። በዚህ ተነሥተው ብዙ ፈላስፎችና ፊዚሲስቶች ቦታ-ጊዜ በሙሉ እንዳለ የተዘረጋ ነው፤ ማለፍ የሚባለው የእኛ ስሜት ነው ይላሉ።

እኔ እዚህ ላይ ቆጠብ እላለሁ። የሁለቱ ሰዎች አለመስማማት የሚመለከተው አንዱ ሌላውን ሊነካው የማይችል፣ ብርሃን እንኳ የማያገናኛቸው ክስተቶችን ብቻ ነው። ምክንያትና ውጤት የሆኑ ክስተቶች ቅደም ተከተላቸው ለማንም አይገለበጥም። «ሁሉ ተዘርግቷል» የሚለው ከልኬት የወጣ ሳይሆን ልኬቱን ለመተርጎም የተመረጠ አንድ መንገድ ነው፤ ሌሎችም አሉ። ስለ ቀደር የሚጠይቀኝን ሰው ወደ ሼኹ ወይም ወደ ንስሐ አባቱ እመልሰዋለሁ። ሰዓት የሚለካ መሣሪያ ይህን አይፈርድም።

አምስተኛ ዳይሜንሽንስ? ጂኖች እዚያ ይኖራሉ የሚሉ አሉ።

ስትሪንግ የተባለው ንድፈ ሐሳብ 10፣ ሰፋ ያለው ዝርያው 11 ዳይሜንሽን ይጠይቃል። የሚጨመሩት የቦታ እንጂ የጊዜ አይደሉም፤ እስካሁንም በሙከራ አልታዩም። ጂን እዚያ ይኖራል የሚል ቀመር የለም።

ተማሪ እዚሁ ሊያየው የሚችለው ነገር አለ?

አለ፤ ሙዎን የሚባለው ቅንጣት። ከህዋ የሚመጡ ቅንጣቶች አየሩን ሲመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሙዎኖች ይፈጠራሉ። ሙዎን በአማካይ የሚቆየው የሰከንድ 2.2 ሚሊዮንኛ ብቻ ነው፤ በብርሃን ፍጥነት ገደማ ቢበር እንኳ 660 ሜትር ሄዶ ማለቅ ነበረበት። መሬት ለመድረስ ከዚያ 23 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ዕድሜ ያስፈልገዋል። ሆኖም በባሕር ወለል ላይ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር በደቂቃ አንድ ያህል ያልፋል፤ ደሴ ላይ ከዚያ ይበዛል። የሙዎኑ ሰዓት ስለዘገየ ነው። ሮሲና ሆል እ.ኤ.አ. በ1941 ይህን የለኩት በአሜሪካ ተራራ ላይና ከተራራው ግርጌ ነበር፤ ደሴና ኮምቦልቻም ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ።

ለመቁጠር መሣሪያ ያስፈልጋል። ለማየት ብቻ ከሆነ ግን ክዳን ያለው ግልጽ የመስታወት ሣጥን፣ ከውስጥ ላይኛው ጠርዝ ላይ አልኮል የጠጣ ወፍራም ጨርቅ፣ ከታች ጥቁር ብረት፣ ከብረቱ ሥር ደረቅ በረዶ ይበቃል። አልኮሉ አይሶፕሮፒል ይሁን፤ እሳት አታቅርቡ። ደረቅ በረዶው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ስለሆነ በባዶ እጅ አይነካም፤ ክፍሉም አየር የሚገባበት ይሁን። ለማግኘት የሚያስቸግረው እሱ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካላችሁ አደራ በሉት። መብራት አጥፍታችሁ ባትሪ ከጎን አብሩና አሥር ደቂቃ ያህል ታገሡ። ቀጥ ያሉትና ቀጫጭኖቹ የጉም መስመሮች በአብዛኛው ሙዎኖች ናቸው፤ ወፍራምና አጫጭሮቹ ከአየሩ ራዶን የሚወጡ ስለሆኑ አትቁጠሯቸው።